አሻግሬ የረሳው ምዕራፍ

ባሌ አሻግሬ መጽሐፍ ያሳትማል፣ ይሸጣልም። ሱቁ የት ነው ካላችሁ፣ የመኪናችን ትራንክ፣ ያ የኋላው ዕቃ መጫኛ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር ያለው አፓርታማችን ሳሎን ደግሞ መጋዘን ሆኗል፤ ለእኔ የቀረችኝ አንዲት ሶፋ ናት። በሥራ ቀን ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ እሁድ የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ ትራንኩን ከፍቶ ይቆማል። መሸጥማ የት ያውቅበታል! ገዢ ስትመጣ፣ "ግን ታነቢዋለሽ?" ብሎ ያፋጥጣታል። ኧረ አንተ ሰው፣ ዝም ብለህ ሽጥ!

አምና ሐዋሳ ያለ ወዳጁ የጻፈውን ልብ ወለድ አሳተመ። ምዕራፎቹን ገጣጥሞ ለማተሚያ ቤት የላከው ራሱ አሻግሬ ነው። የምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞላ፤ ያልገዛ፣ መጽሐፉን ይዞ ፎቶ ያልተነሣ የለም። ከዚያ "አነበብነው፣ መጨረሻው አስለቀሰን" የሚል ምስጋና ጎረፈለት። ደስ ብሎት እሱም መጨረሻውን ሊያነብ ገለጠ። የመጨረሻው ምዕራፍ የለም! በቦታው ሦስተኛውን ምዕራፍ ሁለተኛ ጊዜ ልኮት ኖሯል።

ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ሳቄ አላስችል ብሎኝ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

"ታዲያ ምኑ ነው ያስለቀሳቸው?" አለ። "የሺ፣ እስከ ፋሲካ አንድ ሰው እንኳ ደውሎ መጨረሻውን ካልጠየቀኝ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ አላሳትምም።"

ሳሎኔ ሊመለስልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ብድግ ሲል ሳየው ግን አንጀቴን በላው። ድምፄን ቀይሬ ልደውልለት ሁሉ አስቤ ነበር።

የፋሲካ ዋዜማ ስልኩ ጮኸ። ጎረቤት ከተማ ፕሌኖ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት እማማ የትምወርቅ ናቸው። ስፒከር ላይ አደረገው።

"አንተ ሰው! ልጅቷን አውቶቡስ ተራ አቁመህ የት ጠፋህ? ልጁ መጣላት ወይስ አልመጣም?"

"እማማ... አነበቡት?"

"ታዲያ ልበላው ነው የገዛሁት?"

ምዕራፉን ፕሪንት አድርጎ፣ በነጠላ ጫማው ወደ ፕሌኖ በረረ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል።

"ምን አሉህ?"

"አልወደዱትም! 'የማይረባ አጨራረስ ነው፣ እኔ ያሰብኩት ይሻል ነበር' ብለው ሰደቡኝ።" ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "የሺዬ፣ አንብበው እኮ ነው ያልወደዱት!"

በበዓሉ ማግስት ለሚቀጥለው መጽሐፍ ቦታ እንዲሆን ሶፋዋን አወጣናት። አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ።