ቢቸና ተቀምጬ ሞጣ የሠራሁበት ጥር

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ከቤቱ ሆኖ የመሥሪያ ቤታችንን ሰርቨር እንዴት እንደሚከፍት ሳሳየው፣ "ይኼ ሁሉ ቁልፍ ለምንድን ነው? ማን እኛን ብሎ ይመጣል?" አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ የተዘባበትኩበት መስሎት ደነገጠ። እኔ ግን ልቤ ወደ ቢቸና፣ ወደ አንድ የጥር ወር ሄዶብኝ ነበር።

ያን ጊዜ ከኮሌጅ ወጥቼ ሥራ የያዝኩት ገና በቅርቡ ነው። ከመናኸሪያው በታች ባለች ጠባብ የጽሕፈትና የኅትመት ሱቅ ውስጥ ብቻዬን እሠራ ነበር። ዋናው ቤት ሞጣ ነው። ባለቤቱ አቶ ሰዒድ የሞጣ ነጋዴ ናቸው፤ ማተሚያውም፣ የንድፍ ፕሮግራሙ የተጫነበት ጉልበታም ኮምፒውተርም እዚያ ነበር። እሱን ነው "ሰርቨሩ" የምንለው። እኔ ጋ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ንድፍ ሲከፈትበት እርሻ እንደሰለቸው በሬ ይተኛል። ስለዚህ ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ባለሙያ ዘዴ አበጅቶልን ሄደ፤ የሞጣው ሰርቨር ገጽ እንዳለ ቢቸና እኔ ስክሪን ላይ ይመጣል። እዚህ ማውሱን ሳንቀሳቅስ ጠቋሚው እዚያ ይሄዳል፣ እዚህ ስጽፍ እዚያ ይጻፋል። ሰርቨሩ አጠገብ የሚቀመጠው የአቶ ሰዒድ የእህት ልጅ ኑሩ፣ ጠቋሚው ማንም ሳይነካው ሲሮጥ እያየ ይደውልልኛል። "ይታይሽ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትድሪ ነው?"

ጥር የሠርግ ወር ነዋ። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ ከየአውድማው የጭድ ሽታ በነፋስ እየመጣ ከተማውን ይሞላዋል። እሸት ሽምብራ ከነቅጠሉ እየታሰረ በየደጁ ይሸጣል። ደንበኛው ሁሉ እየፈለፈለ ስለሚገባ የሱቄ ወለል በገለባ ተሸፍኖ ይውላል። ሙሽራ የሚድር ሁሉ የጥሪ ካርድ ይፈልጋል፤ እኔም ቢቸና ተቀምጬ ሞጣ ስሠራ እውል ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መሪጌታ ላቀው መጡ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም "የኔታ" ነው የሚላቸው። ልጃቸውን ማርነሽን ለቀድሞ ተማሪያቸው ሊድሩ ነው። ለካርዱ የሚሆን ግጥም ራሳቸው ገጥመዋል፦

ቤታችን "ማር ነሽ" ብሎ ባወጣልሽ ስም፣
ንብ ሆኖ መጣልን ሙሽራው ሊቀስም።

"ከእኔም ቀስሟል እኮ! ቅኔውን ቀሰመ፣ ቀጥሎ ልጄን" አሉና ሳቁ።

ግጥሙን ጻፍኩት። የኔታ ከጀርባዬ ቆመው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ፊደል በፊደል ያያሉ። ሽምብራ ልፈለፍልላቸው እጄን ከማውሱ ሳነሣ ጠቋሚው ተነሥቶ ሄደ። ኑሩ የሚቀልድ መስሎኝ ደወልኩ።

"ተው እንጂ ኑሩ፣ የኔታ እዚህ ናቸው!"

"ምን ሆንሽ? እዚሁ ሰርቨሩ ጋ ምሳ ላይ ነኝ፣ እጄ ወጥ ነክቷል።"

ይህን ሲለኝ ጠቋሚው ሁለተኛውን ስንኝ መረጠና አጠፋው። በቦታው ፊደላት አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። "ሀልሎ" ይላል።

ያ ሰው የትም ይሁን የት፣ በእንግሊዝኛ ሰላም ማለቱ ነበር፤ ሰርቨሩ ላይ የአማርኛ ፊደል ስለተከፈተ ነው እንዲያ ሆኖ የወጣው። የኔታ ግን በሌላ ዓይን አነበቡት።

"አንድ ፊደል ተርፎታል እንጂ 'ሀሎ' ነው። በግዕዝ 'አለ' ማለት ነው።" ጥቂት አሰቡና አማተቡ። "አንቺ ልጅ፣ ማን ነው ያለው?"

ስልኩ ገና ከጆሮዬ አልወረደም። "ኑሩ፣ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀለው!" ብዬ ጮህኩ። ስክሪኔ ባዶ ሆነ።

አቶ ሰዒድ ወዲያው ደወሉ። አይጮሁም፤ የሚያስፈሩት ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ነው። "ልጄ፣ የሰው ሠርግ አደራ ነው። ስማቸው፣ ስልካቸው፣ ፎቷቸው ሁሉ እኛ ጋ ነው ያለ። በሩ የማይዘጋ ከሆነ የቢቸናውን ሱቅ እንዘጋለን።" ሥራ ያዝኩ ብዬ ለእናቴ የነገርኩበት አፌ ገና አልደረቀም። ዕንባዬ መጣ። የኔታ ካርዱን ደብረ ማርቆስ ሊያሠሩ ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ በሩ ላይ ቆም አሉ።

"ስምሽ 'ይታይሽ' ነው እንጂ 'ይታያቸው' አይደለም። ለአንቺ ብቻ እንዲታይ አድርጊውና ጥሪኝ። እስከ መጪው ገበያ እጠብቃለሁ።"

ገመዱ ከተነቀለ ከሩቅ የሚሠራ ነገር ስለሌለ፣ በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ሞጣ ተነሣሁ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። ደብረ ወርቅ ስንቆም ትኩስ ዳቦ በሻይ በላን። ከጎኔ ዶሮ ታቅፈው የተቀመጡ ባልቴት፣ "ሞጣ ምን ልትሠሪ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ቁልፍ ላሠራ ነው፣ እማማ።"

"ኧረ በማርያም! ቢቸና ቁልፍ ሠሪ ጠፋና?"

እስከ ሞጣ ድረስ የዶሮዋን እግር አብሬያቸው ይዤ ብቻዬን ስስቅ ሄድኩ።

ኑሩ የቀለም ሽታ ከሚያፍነው ክፍል ውስጥ እየጠበቀኝ ነበር። ሰርቨሩን ስንመረምር ነገሩ ወዲያው ገባን። ባለሙያው ገጹን የሚያሳየውን ፕሮግራም ያለ ይለፍ ቃል ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጎት ሄዷል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን በር ሁሉ እየገፋ የሚሄድ ሞልቷል፤ አንዱ የእኛን ገፋው፣ ተከፈተለት። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ከራሱ ከሰርቨሩ ውስጥ ለሚመጣ ጥሪ ብቻ እንዲመልስ አደረግነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ወደ ውስጥ የሚደርሰው ኤስኤስኤች በሚባለው ዘዴ ብቻ ነው። እሱ ከእኔ ኮምፒውተር እስከ ሰርቨሩ ድረስ እንደ ዋሻ ያለ መንገድ ይከፍታል፤ በዋሻው የሚያልፈው ሁሉ ስለሚመሰጠር መንገድ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው አንዳች አይገባውም። ወደ ዋሻው ለመግባት ደግሞ ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ ጥንድ ነው።

ኑሩ ግራ ገባው። "አንዱን እዚህ ትተሽው ከሄድሽ፣ ያገኘው ሰው አይከፍትበትም?"

"እዚህ የምተወው ጓጉንቸሩን ነው። ቁልፉ ከእኔ ጋር ቢቸና ይሄዳል።"

"ቢሰረቅብሽስ?"

"ቁልፉም የራሱ ይለፍ ቃል አለው።"

"እንዲህማ ከሆነ አጎቴ የሱቁን በር እንዲህ አርገሽ ዝጊልኝ ይሉሻል" አለ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። አቶ ሰዒድ ሳላስታውሳቸው ጾም መሆኑን አውቀው ከቤታቸው ሽሮና ቃሪያ አስላኩልኝ። እንደዚያ ቀን ሽሮ ጣፍጦኝ አያውቅም።

የገበያው ዕለት የኔታ ማርነሽን አስከትለው መጡ። ውጭ አህዮች ጤፍ እንደተጫኑ ይተራመሳሉ። ይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። ስክሪኑ "መገናኘት አልተቻለም" አለኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ማርነሽ አባቷን አየች፣ አባቷ እኔን። ለኑሩ ደወልኩ።

"ኑሩ፣ ያን ገመድ መልሰህ ሰክተኸዋል?"

ወንበሩ ሲገፋ ሰማሁ። ከዚያ፣ "ወላሂ ረስቼው!"

ገመዱን ሰካ። እንደገና ስሞክር የሞጣው ገጽ ከነካርዱ ስክሪኔ ላይ ተዘረጋ። ኑሩ ወዲያው አጠገቡ ወዳለ ኢንተርኔት ቤት ሮጦ፣ እንደዚያ ባዕድ በድሮው በር በኩል ሊገባ ሞከረ። ሲደውል ደስታው ከስልኩ ያልፋል። "ዘጋብኝ! በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ!"

የኔታ ጠቋሚውን ትክ ብለው አዩት። አልተነቃነቀም።

"ዝም አለሳ።"

"ዝም አለ፣ የኔታ።"

"እንግዲያው ያቺን 'ሰርግ' አስተካክያት። ሠርግ በንጉሡ ሠ ነው።"

እስከዚያ ቃል ያልተነፈሰችው ማርነሽ፣ "አባባ፣ ሠርጉ እስኪያልፍ ፊደል ሊመርጡ ነው እንዴ?" ስትል ሱቁ በሳቅ ሞላ።

ካርዶቹ ታትመው በአውቶቡስ መጡ፤ ሱቁም ሳይዘጋ ቀረ። ሠርጉ ላይ አቶ ሰዒድና ኑሩ ከሞጣ መጥተው አብረውኝ ተቀመጡ። ሙሽራው ግጥሙን በቃሉ ሲለው የኔታ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ወዲህ ከዚያች ሱቅ የሚበልጡ ብዙ ሰርቨሮች በእጄ አልፈዋል። ሩቅ ያለ ነገር እፊቴ ሲዘረጋ ዛሬም እንደ ልጅነቴ ደስ ይለኛል፤ ዳሩ ግን ከእኔ ሌላ ማን እንደሚያየው ሳልጠይቅ ሥራ አልጀምርም። ለአዲሱ ልጅም ይህንኑ አወራሁት፤ ሳቀ፣ ከዚያም ቁልፉን አበጀ።

ዘንድሮ ለጥምቀት ቢቸና ሄጄ የኔታን ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ።

"አሁንም እዚህ ተቀምጠሽ ሩቅ አገር ያለ ቤት ትገቢያለሽ?"

"እገባለሁ፣ የኔታ።"

"እንደዚያ እንደ ሌባው ነው?"

"ኧረ በቁልፍ ነው!"

እጄን ፈልገው ያዙኝ። "እንግዲያው ቤተኛ ነሻ" አሉኝ።