ተማሪዎች ያነሱት ጥያቄ ብዛት

የአራተኛ «ለ» ክፍል መምህርቷን ተማሪዎቿ በሌለችበት «እትዬ ጸጥታ» ይሏታል። ስሙን ታውቀዋለች፤ ብታውቀውም አልከፋትም፤ እንዲያውም በሆዷ ትኮራበታለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታስተምር ከክፍሏ ዝንብ ስትበር ተሰምታ ይሆናል እንጂ ልጅ ሲያወራ የሰማ የለም። የጎረቤት ክፍል መምህራን ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ሲጮኹ፣ እሷ ጠረጴዛዋን በጣቷ አንድ ጊዜ ታንኳኳለች፤ አርባ ሁለት ልጅ ትንፋሹን ይውጣል። ርዕሰ መምህሩም እንግዳ ሲመጣበት ሌላ ክፍል አያሳይም፤ በቀጥታ ወደ እሷ ነው የሚወስደው።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሰው ነው «ሂጂና መምህርነት ተማሪ» ያሏት። አዲስ ደንብ ወጥቶ፣ የሙያ ሰርተፍኬት የሌለው መምህር ከመጪው ዓመት ጀምሮ ክፍል አይሰጠውም ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቷት፣ ዓይኗን ማየት አፍሮ እስክሪብቶውን እያየ፣ ሰርተፍኬቱን ካላመጣች አራተኛ «ለ»ን ለሌላ ሰጥቶ እሷን ቤተ መጻሕፍት እንደሚያስቀምጣት ነገራት። ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሁለት መደርደሪያና አንድ እግሩ የተሰበረ የዓለም ሉል ያለበት ክፍል ነው። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቤት ገብታ ስትነግረው፣ እሱም መንጃ ፈቃዱን በየጊዜው እንደሚያሳድስ ነግሯት፣ ይኼ ደግሞ ከዚያ በምን እንደሚለይ ጠየቃት። ሁለት ቀን አላናገረችውም።

ትምህርቱ የሚሰጠው በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዓርብ ከሰዓትና ቅዳሜ ሙሉ ቀን። ኮሪደሩ በሰም ተወልውሎ ያንሸራትታል፤ ከየሰሌዳው በላይ መስቀል ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በጸሎት ይጀመራል። እሷ የሌላ ቤተ እምነት ሰው ብትሆንም ለጸሎቱ ትቆም ነበር። ጸሎቱን አልናቀችም። ከጸሎቱ በኋላ የመጣውን ሁሉ ግን ናቀችው።

ደግሞስ ምኑ አይናቅ! አብረዋት የሚማሩት ልጅ ሊሆኗት የሚችሉ ናቸው፤ ክፍል ፊት ቆመው የማያውቁ፣ «ልጅ ባዶ ጠርሙስ አይደለም» የሚለውን በሦስት ዓይነት ቀለም ጽፈው የሚያሰምሩ። የማስተማር ልምምድ ሲባል አንዱ መምህር ይሆንና ሌሎቹ የስምንት ዓመት ልጅ ይሆናሉ። አንድ ጺማም እጁን አውጥቶ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ «ቲቸር፣ እርሳሴን ወሰደብኝ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ እጇን አጣምራ ግድግዳውን አየች። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አለች በልቧ። የልጅነቱ ተራ ሲደርሳትም ያመመች ልጅ ነኝ ብላ ጠረጴዛው ላይ ተኛች።

ከሁሉም የናቀችው ግን ሲስተሯን ነው። የወንድ ሰዓት የሚያስሩ፣ ጫማቸው የሚጮህ፣ ስልሳዎቹን ያጋመሱ መነኩሲት ናቸው፤ ልምምዱን የሚገመግሙት እሳቸው ናቸው። መምህርቷ የራሷ ክፍል ስላላት እዚያው መጥተው ሦስት ጊዜ ሊያዩዋት ተስማሙ። ይዘውት የሚመጡት ቅጽ አሥራ ሁለት ነጥቦች አሉት፤ ዘጠነኛው «ተማሪዎች ያነሱት ጥያቄ ብዛት» ይላል። በመጀመሪያው ቀን ሲስተር እዚያ ላይ ዜሮ ጻፉ። በሁለተኛውም ዜሮ ጻፉ።

«የሰሌዳ ጽሕፈትሽ ግሩም ነው፤ የጊዜ አጠቃቀምሽም እንደዚያው» አሏት፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ። «ግን በሦስተኛውም ዜሮ ከሆነ ላሳልፍሽ አልችልም። ልጅ ጨርሶ በማይጠይቅበት ክፍል ማን ተምሮ ማን እንዳልተማረ በምን አውቃለሁ?»

እሷ ደብተሮቿን ሰበሰበች። የሚጠይቅ እኮ ያልገባው ነው፤ የኔዎቹ ስለገባቸው ነው የማይጠይቁት፤ ይኼን የማታውቅ ሴትዮ ናት የምትገመግመኝ? ብላ እየተቃጠለች ቤቷ ገባች። ከዚያ አንድ መላ መጣላት። ጥያቄ ነው የፈለጉት? በጥያቄ ይጠግባሉ።

ሰኞ ጠዋት ስምንት ጥያቄ በስምንት ቁራጭ ወረቀት ጻፈች። ማንበብ የሚችሉ፣ የማይንተባተቡ ስምንት ልጆች መረጠችና ቁጥር ሰጥታ አደለቻቸው። ቁጥር አንድ ጠመኔውን ስታስቀምጥ ይነሳል፤ ቁጥር ሁለት መስኮቱን ስትከፍት፤ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት። ሦስት ቀን አለማመደቻቸው፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ። ኅሊናዋም አልቆረቆራትም፤ የናቁትን ሰው ማታለል ለናቀው ሰው ማታለል አይመስለውም።

ሐሙስ ሲስተር መጥተው ከኋላ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ትምህርቱ ስለ ውሃ ትነት ነው። መምህርቷ እርጥብ ጨርቅ ሰሌዳው ላይ አሳርፋ አንድ ጊዜ ሳበችው፤ ጥቁር እርጥበት ቀረ። ወደ ልጆቹ ዞራ ጠመኔውን አስቀመጠች። ቁጥር አንድ ብድግ አለ።

«መምህር፣ የውሃ ትነት ለአካባቢያችን ምን ምን ጥቅሞችን ይሰጣል?» አለ፣ ጣራውን እያየ።

መለሰችለት። መስኮቱን ከፈተች፤ ቁጥር ሁለት ተነሳች። ሦስትም አለፈ። አራተኛው ላይ ልጁ ቸኮለና ገና ምንም ምክንያት ሳይጠቀስ «ከላይ ከተጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው የትኛው ነው?» ብሎ ቁጭ አለ። ከዚያ መነጽሯን ስታስተካክል አምስትና ስድስት አንድ ላይ ተነሱና ተያይተው አንድ ላይ ተቀመጡ። በዓይኗ ጠርዝ ሲስተርን አየች፤ እስክሪብቶአቸው አልተነቃነቀም።

በዚህ መሃል በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። ቁጥር አልተሰጣትም፤ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ የምትመጣ፣ ፈተና ላይም መካከለኛ የምትሆን ልጅ ናት። ትምህርቱ ከተጀመረ አንስቶ ሰሌዳው ላይ አፍጥጣ ነበር፤ እርጥበቱ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ አሁን የቀረው መዳፍ የምታህል ብቻ ነው። እጇ ከጆሮዋ በላይ አላለፈም፤ አፏ ግን ተከፍቷል።

መምህርቷ ጠረጴዛውን በጣቷ አንኳኳች።

«ተቀመጪ። ያንቺ ተራ አይደለም።»

እጇ ወረደ። ቁጥር ሰባት ተነሳ፤ ቁጥር ስምንትም ተከተለ፤ ትምህርቱ በሰዓቱ አለቀ። የሆነውን ነገር መምህርቷ ልብ አላለችውም። ልብ ያለችው ልጆቹ ለእረፍት ከወጡ በኋላ ሲስተር ሲነግሯት ነው።

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። የተነሱትን ጥያቄዎች የልጆቹ ስላልሆኑ እንዳልቆጠሯቸው ነገሯት።

«አንድ ግን ነበረ» አሉ። «እሱን አስቀመጥሽው።» ቅጹን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩላት። «ዘጠነኛዋን ባዶ ትቻታለሁ። ልጅቱ ልትጠይቅ የነበረውን ጠይቂያትና ጽፈሽ ነገ አምጪልኝ። ምንም ይሁን ምን እፈርማለሁ።»

ይኼው ነው? አለች ለራሷ፣ ሲስተር ጫማቸውን እያስጮሁ ሲሄዱ እያየች። ጅል ሴትዮ ብላ ደረጃውን ወረደች።

ልጅቷን ግቢው ውስጥ ገመድ ስትዘል አገኘቻት። ልጅቷ መምህሯን ስታይ ገመዱን ጥላ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ደርቃ ቆመች። ቅድም ምን ልትጠይቂ ነበር አለቻት።

«ምንም፣ መምህር።»

አትፍሪ አለቻት፤ ድምፅዋን ልታለሰልስ ሞከረች፤ ለራሷም እንግዳ ሆኖ ተሰማት። ጎንበስ ብላ ቁመቷን ከልጅቷ ቁመት ጋር አስተካከለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም ልጅ እንዲህ ጎንበስ ብላ አታውቅም። ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ሁለተኛ አይለምደኝም፣ መምህር» አለች።

መምህርቷ ቀና አለች። ሂጂ ተጫወቺ ብትላትም ልጅቷ አልሄደችም፤ መምህርቷ እስክትሄድላት ድረስ እዚያው ቆማ ጠበቀች።

ማምሻውን ተማሪው ሁሉ ከወጣ በኋላ ባዶ ክፍሏ ውስጥ ቅጹን ፊቷ ዘርግታ ተቀመጠች። ቀላል ነው፤ ራሴ እፈጥራለሁ አለች። ሲስተር በምን ያውቃሉ? እስክሪብቶዋን አንስታ «የውሃ ትነት በምን በምን ይከፈላል» ብላ በተራ ወረቀት ላይ ሞከረች። ይኼማ የራሷ ነው፤ የፈተና ጥያቄ ነው። ሰረዘችው። ሌላ ጻፈች፤ እሱም የመጽሐፉ ሆነ። ሰረዘችው። ተነስታ ጨርቁን አርሳ ሰሌዳው ላይ ሳበችው፤ ፊት ለፊቱ ቆማም እንደ ልጅቷ አፍጥጣ አየችው። እርጥበቱ ከዳር እየጠበበ ሄዶ ጠፋ። ምንም አልመጣላትም። እንደገና አረሰችው፤ እንደገና ደረቀ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እዚህ ላይ ምን ሊጠይቅ ይችላል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አርባ ልጅ ፊት ቆማ አንድም የልጅ ጥያቄ ሰምታ ስለማታውቅ፣ ልትዋሽ እንኳ አልቻለችም። አፈረች፤ ያፈረችው ግን ሰውን ሳይሆን ራሷን ነው።

በማግስቱ ቅጹን፣ ዘጠነኛዋ ባዶ እንደሆነች፣ ለሲስተር መለሰችላቸው።