ልደት እና ሦስት ጊዜ ጨው የገባበት ሾርባ

ልደትን በጣም ነው የምወዳት! ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ያደገችው ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ደግሞ ከሐረር በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት በሚያስኬደው የእርሻ ትምህርት ቤታችን ትማራለች። ጠዋት ዛፍ ሥር እንማራለን፣ ከሰዓት በኋላ እርሻው ላይ እንውላለን፣ ማታ ልጆቹ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ፤ ቤታቸው የሚሄዱት በወር አንዴ ነው። የሒሳብ አስተማሪያቸው እኔ ነኝ። ግን «እንማራለን» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፤ ስለ ድንች የማውቃትን ሁሉ ያወቅሁት ከነሱ ጋር ጎንበስ ብዬ ነው።

በመጣች ሰሞን ጉድ ነበረች። ጅብ ድንኳኗ ጥግ ሲጮህ ገልበጥ ብላ የምትተኛ የሐረር ልጅ፣ ዶሮ ስታይ ወንበር ላይ ትወጣለች! «ቲቸር፣ አስተያየቷን አልወደድኩትም» ትለኛለች። አሁን ያቺኑ ዶሮ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ስለ እኩልታ ትከራከረኛለች።

እናቷ ወይዘሮ ገላነሽ ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም። ከጎጃም ሐረር ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ልጅቷን ወደ ትምህርት ቤታችን ያመጣት አባቷ ነበር፤ እሱ ወታደር ነው፣ አሁን ሌላ ቦታ ተዛውሯል። እናትየው ለርእሰ መምህራችን ለጋሽ ደምሴ ደውለው እቅጩን ተናገሩ። «እኔ የተማርኩት ከቁፋሮ ለማምለጥ ነው። ልጄ ወደዚያው ትመለስልኝ? ሐሙስ መጥቼ አያለሁ፤ ደስ ካላለኝ ሰኞ መልቀቂያዋን እወስዳለሁ።»

ልደት ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። «የሐሙስ ተረኛ አብሳይ እኔ ነኝ» አለች ብቻ።

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አብረው ነው የገቡት። ስለዚህ ሐሙስ ለወላጆች ያሰብነው ማፍጠሪያ ሁሉም የሚበላው የጾም ሾርባ ሆነ፤ ድንቹም ካሮቱም ከራሳችን መደብ። አብራት የምታበስለው የድንኳን ጓደኛዋ ሶፍያ ናት። ልደት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብላት ስትችል፣ «ሶፍያ ሳታፈጥር አልበላም» ብላ እስከ ማታ ትጾማለች። እንዲህ ያለች ልጅ ናት!

እንግዲህ ጥፋቱን ልናገር። ልደት ጨው ጨመረችና ውኃ ልትቀዳ ወደ ጉድጓዱ ሄደች። ሶፍያ ከሰዓት በኋላ ካለው የዐስር ሶላት ተመልሳ ክዳኑን ገለጥ አደረገች፤ ጨው ያልገባበት መሰላትና ጨመረች። ኋላ ሁለቱ ድስቱ ላይ ተገናኙ።

«ሶፍዬ፣ እስቲ ቅመሽው።»

«ወላሂ፣ ጾም ልታስፈቺኝ ነው? አንቺ ቅመሽው!»

«እኔስ ጾመኛ አይደለሁ?»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልቻለሁ፤ መቅመስ እችል ነበር። ግን ሁለት የተራቡ ልጆች ፊት ማንኪያ አፌ ውስጥ ልክተት? አፈርኩ። ሽታውን ሳብ አድርጌ፣ እንደ አዋቂ አንገቴን ነቅንቄ፣ «ትንሽ ይቀረዋል» አልኩና ሦስተኛውን ጨው በገዛ እጄ ጨመርኩበት።

ወይዘሮ ገላነሽ በቢሮ ጫማቸው ከባጃጅ ወረዱ። አዛን ተሰማ፣ ተምር ዞረ፣ ሾርባው ተቀዳ። የመጀመሪያዋን ማንኪያ የቀመሱት እሳቸው ናቸው። ፊታቸው ተጨማደደ፤ ማንኪያዋን ቀስ ብለው አስቀመጡ። የሶፍያ አባት አቶ አብዱልፈታ ቀጠሉ።

«ሱብሓነላህ! ቀይ ባሕርን ለማምጣት ስንት መኪና ፈጀባችሁ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልደት አልሳቀችም።

«የሚቀምስላችሁ ሰው ጠፋ?» አሉ እናቷ።

«ማን ይቅመሰው እማዬ? ሁላችንም ጾመኛ!» አለች። ስሜን አልጠራችም። እኔም ተነሥቼ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ፤ ወይዘሮ ገላነሽ ግን ወደኔ አልዞሩም፤ ልጃቸውን እያዩ ነበር።

ልደት ዶማ አንሥታ ወደ ድንች መደቡ ሮጠች፤ ጨው የበዛበት ወጥ ድንች ሲጨመርበት እንደሚሻሻል ታውቃለች። መብራት ይዤ ተከተልኳት። እናቷም ተከተሉን፤ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ገባ።

«እዚያ አትርገጪ እማዬ! ያ መደብ ገና ነው። ቅጠሉ ቢጫ የሆነው ይኸኛው ነው የደረሰው» አለችና ዶማውን አነሣች።

«ቆዪ፣ ቆዪ! ድንቹን ልትሰነጥቂው ነው!» ወይዘሮ ገላነሽ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተንበረከኩ። «ዶማው ከጎን ነው የሚገባው። ከዚያ በእጅ። ማነው ያስተማረሽ?»

«ቲቸር።»

«ቲቸርሽ ጨውዋን ብቻ ትጨምር።»

እናትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ድንቹን ሲያወጡ መብራቱን ያዝኩላቸው። «ይኼን እዪ፣ የዶሮ እንቁላል ያክላል!» «እሱማ ምን አለው፣ ያንን እዪ!» ሲባባሉ ማን እናት ማን ልጅ እንደሆነ ያስቸግር ነበር። ወይዘሮ ገላነሽ እንዲህ ይስቃሉ ብዬ አልጠበቅሁም።

ግማሹን ሾርባ ቀነስን፣ ውኃና ድንች ጨመርን፤ እስኪበስል እንግዶቹን የምስር ሳምቡሳ አቆያቸው። በመጨረሻ ወይዘሮ ገላነሽ ራሳቸው ቀመሱት። ልደት ማንኪያዋን ሳይሆን አፋቸውን ነበር የምታየው።

«አሁን ይበላል» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ወይዘሮ ገላነሽ፣ የሰኞው መልቀቂያ…»

«ሰኞ ሥራ አለኝ» አሉ፣ ከጥፍራቸው አፈር እያወጡ። «ቅዳሜ ነው የምመጣው። ያ ያልደረሰው መደብ አፈር ካልታቀፈ፣ ሥሩ ካልተሸፈነ፣ ድንቹ ፀሐይ ይመታውና አረንጓዴ ይሆንባችኋል። እዚህ ቤት ይህን የሚያውቅ የለም እንዴ?»

ልደት ሶፍያን በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና ሁለተኛ ሳሕን ልትቀዳ ተነሣች።