ከጀሪካኖቹ ጀርባ የበቀለው ሻጋታ

እናቴ በረኪና ከሸተታት ደረቷ ይዘጋል። ሽቶም፣ ቀለምም፣ ናፍጣም፣ ሽታ ያለው ሳሙናም ያው ነው፤ መጀመሪያ ታስላለች፣ ቀጥሎ ትንፋሿ ያፏጫል። ስለዚህ ቢቸና ያለው ቤታችን የሚሸት ነገር አይገባበትም። እኔ እንኳ ፀጉሬን የምቀባው ሽታ የሌለው ቫዝሊን ነው።

ቤታችን ተዳፋት ላይ ስለተሠራ ከሥሩ እህል የምናስቀምጥበት ምድር ቤት አለው። ባለፈው ክረምት እዚያ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ወጣና ሽታው በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ እየሾለከ እናቴን ያስላት ጀመር። ሞጣ የሚኖሩት ታላቅ እህቷ ሊጠይቋት መጡ። ምድር ቤቱን ሲያዩ ለማንም ሳይናገሩ በረኪና ገዝተው ግድግዳው ላይ ደፉበት። እናቴን በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ሲሻላት አክስቴ ወደ ሞጣ ይዘዋት ሄዱ።

«ይህ ቤት ለእሷ አይሆንም። ይሸጥና እኔ ዘንድ ትኑር» አሉ ሲነሱ።

እናቴ አልፈለገችም፤ ግን ትንፋሽ ያጠረው ሰው በምን አቅሙ ይከራከራል?

እኔ ቤት ለመጠበቅ ቀረሁ። አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ «አርፈሽ ተቀመጪ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ መቀመጥ አይሆንልኝም። ሻጋታ ያለ ውሃ አይበቅልም። ታዲያ ውሃው ከየት ይመጣል? ጎረቤት ሁሉ መልስ ነበረው፤ ከላይ ካለው ቦይ ነው፣ ከጣሪያ ነው፣ ከመሬት ነው። ወርዶ ያየ ግን የለም።

ፌስታል ቆራርጬ ዳር ዳሩን በፕላስተር እያሸግሁ በየግድግዳው ለጠፍኩ። ርጥበት ባለበት ግድግዳ ላይ ፌስታሉን ከውስጥ ያልበዋል ብዬ ነው። በማግስቱ ወረድኩ። ሰው ሁሉ የጠረጠረው የቦዩ ወገን ደረቅ ነበር። ያላበው በወዲያኛው ጥግ፣ ጀሪካኖቹ አጠገብ ያለው ነው።

ጀሪካኖቹ የጠበል ናቸው። እናቴ ከታመመች ጀምሮ ሊጠይቃት የመጣ ዘመድ ሁሉ ከየደብሩ ቀድቶ ያመጣላታል። ጠጥታ አትጨርሰው፣ ጠበል ደግሞ እንደ እጣቢ አይደፋ፤ ስለዚህ ምድር ቤት አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራል። የሚነካው የለም። ከላይ ያሉትን አወረድኩና ከሥር ያለውን ትልቁን ቢጫ ጀሪካን ላነሳ ስታገል ባዶውን ብድግ አለ። ክብደት ተጭኖት ሥሩ ተሰንጥቋል። ከጀርባው ግድግዳው የጥቁር በግ ጠጉር አብቅሏል። ሰው በሻጋታ ይደሰታል ብሎ የነገረኝ ባይኖርም እኔ ተደሰትኩ።

ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ።

«አባ፣ የቆየ ጠበል የት ነው የሚደፋው?»

«እግር የማይረግጠው ቦታ። ብዙ ነው?»

«ባጃጅ ይሞላል።»

ሳቁ። «እናትሽ ልትጠጣው ነው ወይስ ልትነግደው?»

ከጓሮ ወይራው ሥር፣ አጥሩ ጥግ፣ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩት። ከዚያ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ፣ እንዳይቦንም ውሃ እየረጨሁ፣ የሻገተውን ልስን ፍቄ በጆንያ አወጣሁ። ድንጋዩን በፈላ ውሃና በአመድ ፈተግሁት። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር በርና መስኮቱን እከፍታለሁ፤ ዝናብ ሲመጣ እየሮጥኩ እዘጋለሁ። መስከረም ሲጠባ ፌስታሌን መልሼ ለጠፍኩ፤ በማግስቱ ደረቅ ነበር።

ግን የእኔ አፍንጫ ምስክር አይሆንም። የእናቴን ነጠላ ምድር ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ሰቅዬ አሰነበትኩትና በፌስታል ቋጥሬ ሞጣ ይዤው ሄድኩ።

አክስቴ ቀድመው አሸተቱት። «ምንም የለውም።»

«እርስዎንማ በረኪናውም አልሸተተዎትም» አልኳቸው።

«ምላስሽ!» አሉ፤ ግን ነጠላውን ለእናቴ ሰጧት።

እናቴ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ሳበች። ሁለታችንም ደረቷን እናያለን። ትንሽ ቆየች፣ ደግማ ሳበች። አላፏጨም።

«ድንጋይ ድንጋይ ይላል» አለችና ለበሰችው። ከዚያ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች።

ውሃው ከተሰነጠቀ የጠበል ጀሪካን እንደመጣ ነገርኳቸው። አክስቴ «የተሰነጠቀው የትኛው ነው?» አሉ።

«ቢጫው። ትልቁ።»

የማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ከሞጣ ያመጡት እሳቸው ነበሩ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኙን። እናቴ የናፍጣውን ሽታ ፈርታ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍናለች። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል አክስቴ ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ትንሽ የውሃ ፕላስቲክ አወጡ። «ይቺን ጠበል እንኳ፣ ዛሬ ጧት ያስቀዳኋት ናት።»

እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለች። አማተበች፣ ከፈተች፣ እዚያው ጠጥታ ጨረሰችና ባዶውን በመስኮቱ መለሰችላቸው።