ሁለት መንደር በአንድ ሽቦ

ቢሯችን ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ካለ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ማመልከቻ ጸሐፊዎች ላፕቶፓቸውን ይዘው ባለጉዳይ ይጠብቃሉ፤ ከላይ እኛ ሩቅ ገጠር ላሉ አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች መስመር እንነድፋለን። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ የእኛም ሥራ ይቆማል። ያን ጊዜ ኃላፊዬ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ “ይኸው፣ እኛም ገጠር ነን” ይሉ ነበር። ሲሉት ግን አይስቁም።

እሳቸው የወሎ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በትልልቅ ግድቦች ላይ ሲሠሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ እኛ ትንሽ ድርጅት የመጡ መሐንዲስ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። የሁለታችንም ቤት አብነት ስለሆነ ከሥራ ስንወጣ አብረን በእግር እንመለሳለን። መንገድ ላይ ስለ ወንዝ ያወራሉ። የታክሲ ጠባቂዎች ሰልፍ መሐል ቆመው ውሃ ከየት ተነስቶ በየት እንደሚወርድ በእጃቸው ያሳዩኛል።

አብረን ከሠራናቸው ሥራዎች ሁሉ የማልረሳው የሁለቱን መንደሮች ነው። በምዕራብ በኩል፣ አንድ ተራራ የሚለያቸው መንደሮች ናቸው። ሁለቱም በየወንዛቸው ላይ ትንሽ ማመንጫ አላቸው። የላይኛው መንደር ወንዝ ከምንጭ ስለሚነሳ በጋ ከክረምት ይፈሳል። የታችኛው ግን ዝናብ ሲያባራ ይመነምናል፤ ማመንጫው ይቆማል፤ ጤና ኬላው ይጨልማል፤ የክትባቱ ማቀዝቀዣም ይጠፋል። የእኛ ሥራ ሁለቱን ማመንጫዎች በአንድ መስመር ማገናኘት ነበር፤ አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲያግዘው።

ሁለት ጄኔሬተሮች እኩል ካልተሽከረከሩ አንዱ ሌላውን ይጎትትና ሁለቱም ይበላሻሉ። ያንን የሚጠብቀውን መቆጣጠሪያ የነደፍኩት እኔ ነኝ። ለጋሼ ግን ከባዱ ሥራ እሱ አልነበረም። “ማሽኑን ማስማማት ያንቺ ነው” አሉኝ። “ሰውየውን ማስማማት የእኔ።”

ሰውየው ያሉት የላይኛውን መንደር ሽማግሌ ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ተነስተው ጠየቁ።

“ለእነሱ ስንሰጥ እኛ ብንጨልምስ?”

“አትጨልሙም” አሉ ጋሼ። “ቃሌ ነው።”

የጃኬታቸውን ጫፍ ጎተት አደረግኩ። አላዩኝም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ “ጋሼ፣ በወንዝ ላይ ቃል ይሰጣል እንዴ?” አልኳቸው።

“ምንጩን አይተሽዋል። ደርቆ አያውቅም አሉ። እንግዲህ ‘እንጃ’ እያልኩ ሽቦ ልዘርጋ?”

መስመሩ ተዘረጋ። የመጀመሪያው በጋ ሲገባ የታችኛው መንደር ጤና ባለሙያ፣ ጠይም ቀጭን ወጣት ሴት ናት፣ ቢሮ ደወለች። “ፍሪጁ እየሠራ ነው! እስካሁን አልጠፋም!” ትላለች። ጋሼ “አልሐምዱሊላህ” ብለው መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው ጠርገው ጠርገው መልሰው ለማድረግ ብዙ ቆዩ።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቀረ። ያ የማይደርቀው ምንጭ ቀጠነ። ሁለቱም ማመንጫዎች አቅም ሲያንሳቸው የእኔ መቆጣጠሪያ እንደታዘዘው አደረገ፤ ማሽኖቹ እንዳይቃጠሉ ብሎ ሁለቱንም አጠፋቸው። መንደሮቹ በአንድ ምሽት ጨለሙ። የላይኞቹ፣ መብራታችንን የታችኞቹ ጠጡት አሉ። ወጥተው ሽቦውን ቆረጡት። ሊያስቆሟቸው የወጡ የታችኛው መንደር ሰዎች ተደበደቡ፤ አንዱ ዓይኑ ጠፋ። ጤና ባለሙያዋ ይህን ስትነግረን እያለቀሰች ነበር። የሚጋቡና በአንድ ገበያ የሚገበያዩ ሰዎች ነበሩ።

ጋሼ እዚያ ልሂድ አሉ። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቷል። ለሽማግሌው ደወሉ፤ አይነሳም። በየቀኑ ደወሉ። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው፣ “እስኪ ስሌቱን እንደገና ሥሪው” አሉኝ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ደግሜ ሠራሁት።

“ልክ ነው ጋሼ። በነበረን መረጃ ልክ ነው።”

“ልክ መሆኑ እኮ ነው የከፋው” አሉ። “ስህተት ቢሆን እናርመው ነበር።”

ከዚያ በኋላ ስንመለስ ስለ ወንዝ ማውራት ተዉ። ደረታቸውን ያማቸው ጀመር፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ ስላቸው ነገ ይሉኛል። አንድ ጠዋት ባለቤታቸው ደወሉልኝ። ስደርስ ጋሼ ተገንዘው ነበር። በዚያው ቀን ቀበርናቸው።

በማግስቱ ለቅሶው ቤት ተቀምጠን የጋሼ ስልክ ጠራ። ባለቤታቸው ቁጥሩን አላወቁትምና ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ አወቅሁት። ሽማግሌው ናቸው።

“መሐንዲሱን አቅርቢልኝ” አሉ።

“አባቴ፣ አርፈዋል። ትናንት ቀበርናቸው።”

 

“ሲደውሉ አላነሳሁላቸውም” አሉ።

“አውቃለሁ።”

“ዝናብ ጥሏል። ምንጩ ተመልሷል። ይህንኑ ልነግራቸው ነበር።”

“መስመሩንስ እንጠግነው?” አልኳቸው። በለቅሶ ቤት የማይጠየቅ ነገር ነው፤ ከአፌ ወጣ።

“ተይው ልጄ። ውሃው ተመለሰ እንጂ ሰው አልተመለሰም።”

ስልኩን ለባለቤታቸው መለስኩላቸው። ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የሥራ ጓደኛቸው ናቸው፣ ነፍስ ይማር ብለዋል አልኳቸው።

ሽቦው ዛሬም እንደተቆረጠ ነው። ጤና ባለሙያዋ ዝውውር አግኝታ ሄዳለች፤ በእሷ ቦታ የመጣችው ልጅ በበጋ ክትባቱን ከወረዳው ከተማ በበረዶ ሳጥን ተሸክማ እንደምትመላለስ ሰምቻለሁ። ድርጅታችን ደግሞ መንደር ከመንደር የሚያገናኝ ሥራ መቀበል አቁሟል። አሁን ለእያንዳንዱ መንደር የየራሱን ነው የምነድፈው። ሥራው ይቀላል፤ የሚያጣላም ነገር የለውም። ወንዙ ሲጎድል መንደሩ ብቻውን ይጨልማል፤ እኛ ጋም የሚደውል የለም።