መብራት ነው ያልኩ ዕለት

ከሆለታ የወጣሁበት ምሽት መብራት አልነበረም። ሻንጣዬን ያዘጋጀችልኝ ታላቅ እህቴ እታለም ናት፤ በስልኳ ባትሪ እያበራች። ሚኒያፖሊስ ደርሼ ስከፍተው ከጫማዬ አንዱ እግር የእኔ፣ ሌላው የባሏ ሆኖ አገኘሁት። ደውዬ ስነግራት "ምን ላድርግ፣ መብራት አልነበረማ" አለችኝ። ሳቅን፣ በዚያው አለቀ። ባሏም አንድ እግር ጫማ ይዞ ቀረ እንጂ ማንንም አልወቀሰም። ይቺን ጫማ ልብ በሉልኝ።

ዲቪ ሲደርሰኝ ጽጌረዳ እርሻ ውስጥ የግሪንሃውስ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ቤተክርስቲያናችን አደራ ብላ የላከችኝ ወደ እትዬ ማርታ ነው። እትዬ ማርታ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀን አንድ ቦታ ማታ ሌላ ቦታ የሚያጸዱ ሴት ናቸው። ኢገን ከተማ ባለች ጠባብ አፓርታማቸው ውስጥ ከሁለት የእህታቸው ልጆች ጋር ይኖራሉ፤ እኔን ሳሎን ሶፋው ላይ አስተኙኝ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን ፊታቸው ሳይጠቁር አበሉኝ።

"አንተ የአበባ ሰው ነህ አይደል? የማጸዳበት ቤት ተክል የሚያውቅ ሰው እየፈለጉ ነው" አሉኝ አንድ ቀን።

"ምን ተክል ነው እትዬ?"

"ስትደርስ ታየዋለህ።"

ከማየቴ በፊት አፍንጫዬ ነገረኝ። ከሮዝቪል ከተማ ወደ ሰሜን ትንሽ አለፍ ብሎ መስኮት የሌለው መጋዘን ነው። የበሰበሰ ሽንኩርት ላይ ናፍጣ ቢደፉበት እንዴት ይሸታል? እንደዚያ የሚሸት ነገር ገና መኪና ማቆሚያው ላይ ተቀበለኝ። ካናቢስ፣ ማለትም ማሪዋና። ሕጋዊ ነው፣ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ያም ሆኖ አፍንጫዬን ይዤ ገባሁ። የሆለታ ጽጌረዳ ፀሐይ የሚሞቀው በነፃ ነው። እዚህ ፀሐይ የለም፣ ጣሪያው በሙሉ መብራት ነው። ለጋዎቹን ተክሎች በቀን አሥራ ስምንት ሰዓት ታበራላቸዋለህ፤ ባደጉ ቁጥር መብራቱን ከፍ ታደርጋለህ፣ ከቀረባቸው ቅጠላቸው ጠርዙ ይጠቀለላል። እንዲያብቡ ስትፈልግ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ብርሃን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ። ኤሌክትሪክ ሌሊት ስለሚረክስ እኛ ማታ እናበራና ቀን እናጨልማለን፤ በሰዓቱ የሚያበራውና የሚያጠፋው ታይመር የሚባል መሣሪያ ነው። በዚያ የጨለማ ሰዓት ብርሃን ደጋግሞ ከገባ ሴቷ ተክል ግራ ይገባትና የወንድ አበባ ታወጣለች፣ ከዚያ ፍሬ ይዛ ትበላሻለች። የግድ መግባት ያለበት ሰው ግንባሩ ላይ አረንጓዴ መብራት ያስራል፤ አረንጓዴው እምብዛም አይረብሻቸውም።

የሚያስጠላው ነገር ደግሞ ሥራውን በደንብ መቻሌ ነው። ጽጌረዳ ላይ የተማርኩት ሁሉ እዚያ ሠራ። አለቃዬ ካይል ትከሻዬን እየመታ "ማጂክ እጅ አለህ" ይለኝ ነበር፤ በዚያው ማጂክ እጄ ቤት ገብቼ እንጀራ ስቆርስ እንጀራው ራሱ ይሸተኝ ነበር። ሽታው ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ የመኪና ወንበር ውስጥ ይገባል። ቤተክርስቲያን ውስጥ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ዝማሬው ሳያልቅ ተነስተው ሌላ ወንበር ሄዱ። በኋላ አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት አከራዩ መጣ።

"የማሪዋና ሽታ አለ የሚል ቅሬታ ቀርቦብሃል፤ እዚህ ማጨስ ክልክል ነው።"

"እኔ አላጨስም። ተክሉን የማሳድግ ሠራተኛ ነኝ።"

"እዚህ ቤት ውስጥ?"

"አይ፣ ሥራ ቦታ።"

ትንሽ አሰበና "እንግዲያው ሽታውን እዚያው ተወው" አለኝ። እንዴት አድርጌ እንደምተወው ግን አልነገረኝም።

መጋዘኑ ውስጥ ከእትዬ ማርታ ሌላ ያላስጠላኝ ሰው አንድ ነበር፤ ኤሌክትሪሽያኑ ሮን። ስድሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ያንን የተዛነቀ ጫማዬን አየ። በማግስቱ ቦት ጫማ ይዞ መጣና "ጠቦኛል፣ ውሰደው" አለኝ። አልጠበበውም፤ አዲስ ነበር።

ታዲያ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ያሉት ተክሎች የወንድ አበባ ማውጣት ጀመሩ። ካይል ፊቱ በርበሬ መስሎ "የሆነ ቦታ ብርሃን እየገባ ነው፣ ፈልገህ አግኝልኝ" አለኝ። ይህ ዘዴ አለው። በጨለማው ሰዓት ትገባለህ፣ አረንጓዴውንም ታጠፋለህ፣ ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ትቀመጣለህ። ቀዳዳ ካለ ያኔ ራሱ ይታይሃል።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ገብቼ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና ተዘጋ። ከዚያ ከተክሎቹ መሃል የስልክ ባትሪ ቦግ አለ፣ ሹክሹክታም ሰማሁ። በአማርኛ።

"ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ቤት አውጣኝ። ሽታው ነፍሴ ውስጥ ገባ።"

እትዬ ማርታ ነበሩ። ከማሰሮዎቹ መሃል ተንበርክከው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን መሬት ዘርግተው፣ በስልካቸው እያበሩ። እኛ ጴንጤዎች ዘግተን የምንጸልይበት ጥግ ካላገኘን አይሆንልንም። እሳቸው ደግሞ በዚያ ሁሉ ሩጫ መሃል ፀጥ ያለ ቦታ ያገኙት ያንን ክፍል ብቻ ነው።

"እትዬ፣ ስንት ጊዜ ገብተዋል?"

ደንግጠው ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። "በመጣሁ ቁጥር። ለአሥር ደቂቃ ነው። ምነው፣ ምን አጠፋሁ?"

ነገርኳቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከመሬት አነሱ። "ካባረሩኝ ቤት ኪራዩን በምን እከፍላለሁ? ልጆቹን የት አደርሳለሁ?" አሉ። ዳግም እንዳይገቡ አስጠንቅቄ፣ ግድ የለም እኔ አለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ሶፋቸው ላይ ሰባት ወር ተኝቻለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ካይል ቢሮው ውስጥ ይጠብቀኛል። "አገኘኸው?"

"መብራቱ ነው" አልኩ። "ታይመሩ ይመስለኛል። አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይበራል።"

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሰው የከሰስኩ አልመሰለኝም። ሆለታ አንድ ነገር ሲበላሽ መብራት ነው ትላለህ፣ ሁሉም እህ ይልና ወደ ቤቱ ይሄዳል። መብራት ባለቤት የለውም፣ አይቀየምም፣ ልጆች የሉትም።

"በኢሜይል ላክልኝ" አለ ካይል። ሁለት መስመር ጽፌ ላክሁ። ለእትዬ ማርታም "ማንም አይጠየቅም፤ መብራት ነው አልኳቸው" ብዬ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም አለቀሱ።

ዓርብ ዕለት ሮን መሣሪያዎቹን ሁሉ ወደ ሳጥኑ ሲሰበስብ አየሁት። ካይልን ምን ሆኖ ነው ስለው "አባረርኩት፤ ታይመሩን በየሳምንቱ ቼክ አድርጎ የሚፈርመው እሱ ነው" አለኝ። "ምንም አይበራም፣ ደህና ነው እያለ ተከራከረኝ። አንተ ግን ጽፈህልኛል።" ቀና ብሎ አየኝና "ሌላ የምትጨምረው አለ?" አለ።

አፌን ከፈትኩ። የእትዬ ማርታ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ።

"የለም" አልኩ።

ሮን ሳጥኑን ተሸክሞ በአጠገቤ ሲያልፍ እግሬን አየና "ይሞቅሃል?" አለኝ። ኢሜይሉን ማን እንደጻፈው የነገሩት አይመስለኝም። ይሞቀኛል አልኩት። ያን ቀን ከዚያ ሁሉ ሽታ በላይ የከረፋሁት እኔ ነበርኩ።

እሑድ ምስክርነት ሲጠየቅ እትዬ ማርታ ተነሱ። ዓርብ ተራቸው ስላልነበር የሆነውን አላወቁም። "ጥፋት አጥፍቼ ነበር፤ ጌታ ግን ሸፈነኝ፣ በእኔ የተነሳ አንድ ሰው እንኳ አልተነካም" ብለው መሰከሩ። ጉባኤው አሜን አለ። እኔም ቆሜ፣ እያጨበጨብኩ፣ አሜን አልኩ።

ቤት ገብቼ ለእታለም ደወልኩላት። እሷ አሁንም የአበባው እርሻ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው።

"ዛሬም በጨለማ ነን" አለችኝ። "ትናንት ማቀዝቀዣው ክፍል መብራት ጠፍቶበት አንድ መኪና ሙሉ አበባ ጠወለገ።"

"ማን ተጠየቀበት?"

ሳቀች። "ምን ነካህ? መብራት እኮ ነው፤ ማን ይጠየቃል?" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እዚያስ ይጠፋል?" አለችኝ።

"አይጠፋም እታለም።"

"ታድላችሁ።"

ስልኩን ዘጋሁ። በሩ ጥግ የሮን ቦት ጫማ ተቀምጧል፤ ሁለቱም እግር የእሱ ነው።