ክፉውን ሰማን፤ ደጉንስ?

አያቴ በትንሿ ከተማችን በግምጃ ቤት ሰው ሲያስታርቁ፣ ተበዳዩ ተናግሮ ሲጨርስ «ክፉውን ሰማን፤ ደጉንስ?» ሳይሉ ፍርድ አይሰጡም ነበር። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዛቸው በኋላም ይህን አመላቸውን አልተዉም።

በየወሩ ለምርመራ እንጅባራ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። መጨረሻ የሄድን ቀን ሐኪሙ የደም ውጤታቸውን አይቶ፣ «አባባ፣ መጥፎው ኮሌስትሮል ከፍ ብሏል፤ ቅቤ ይቀንሱ» አላቸው።

«ክፉውን ሰማን፤ ደጉንስ?»

ሐኪሙ ሳቀ። «ደግ ኮሌስትሮልም አለ። ከስትሮክ በኋላ አንጎልን ይጠብቅ እንደሆነ እየተጠና ነው፤ ገና መድኃኒት ግን አልሆነም።»

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ የደም ውጤቱን ወረቀት ሰጡኝ። «ልጄ፣ የኔ ደጉ እንዴት ነው? እስቲ አንብቢልኝ።» ሰልፍ ላይ ቆሜ ስለዋልኩ ዝዬ ነበር። «ቤት ስንደርስ» አልኳቸውና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ስንደርስ ረሳሁት። በሳምንቱ ስትሮኩ ተመልሶ መጣና ወሰዳቸው።

አርባቸው ወጥቷል፤ ድካሙ ግን ከላዬ አልወረደም። ትናንት ቦርሳዬን ሳራግፍ ያ ወረቀት ወደቀ። ባዶው መደባቸው አጠገብ ተቀምጬ የደጉን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ደህና ነበር፣ አባዬ። ደጉስ ደህና ነበር።